ከታምቡሩ ጀርባ

[ሙልታን ከተማ፣ ገበያው በር ላይ። ጆሮ ጠራጊው ሸምሱ ቀይ ጥምጣሙን ጠምጥሞ፣ መርፌውንና ጥጡን ጨርቅ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። የሠርግ ታምቡር መቺው ዲታ ታምቡሩን ፀሐይ ላይ ደፍቶ ከሥር ከሥሩ ያያል። የስድስት ዓመት ልጁ ራኖ ጀርባዋን ሰጥታቸው በሎሚ ትጫወታለች።]

ሸምሱ፦ ተው ስልህ! ታምቡር እንደ ጎመን አይጠነፈፍም!

ዲታ፦ ዶክተሯ ነቻ ያለችው፣ ኡስታድ። ራኖ ስትጠራ አልሰማ ብትል ወሰድኳት። ጆሮዋን በመብራት አየችና «ከታምቡሩ ጀርባ ውሃ ቋጥሯል» አለች። ታምቡሬን ሳታየው በምን አወቀች?

ሸምሱ፦ የልጅቷን የጆሮ ታምቡር ነዋ፣ አንተ ደንቆሮ!

ዲታ፦ እኔማ እሰማለሁ። የማትሰማው እሷ ናት።

ሸምሱ፦ ወይ ጣጣ! ጆሮ ውስጥ ቆዳ አለ፤ ታምቡር የሚባለው እሱ ነው።

ዲታ፦ [ደንግጦ] በዚህች ጆሮ? ማን ይመታዋል?

ሸምሱ፦ ድምፅ!

ዲታ፦ ወይኔ ጉዴ! «ብዙ ጊዜ በራሱ ይደርቃል፤ ምንም እንዳትነካካው፤ በሦስት ወር ተመልሰህ ና» ስትለኝ እኮ ሦስት ሠርግ ሰረዝኩ!

ሸምሱ፦ [ከት ብሎ ስቆ] ሦስት ወር ምን ያስጠብቃል? በሦስት ደቂቃ አወጣልሃለሁ። ራኖ! ጆሮሽን አምጪ!

[ራኖ ዞር ሳትል ሎሚዋን ታንከባልላለች። ዲታ ዞሮ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ይላል።]

ዲታ፦ ራኖዬ፣ ጆሮሽን ይይልሽ ወይ?

ራኖ፦ ሎሚዬን አልሰጥም!

[ዲታ ግንባሯን ይስማል። ሁለት ወር ሙሉ «ግትር» እያለ ሲቆጣት ነው የከረመው። ሸምሱ መርፌውን አንስቶ ይጠጋል።]

ሸምሱ፦ ጭንቅላቷን ያዝልኝ።

ዲታ፦ ቆይ፣ ቆይ። ቆዳው የት ጋ ነው?

ሸምሱ፦ ከፊት።

ዲታ፦ ውሃውስ?

ሸምሱ፦ ከኋላ አልኩህ!

ዲታ፦ ታዲያ መርፌው በየት በኩል ያልፋል?

ሸምሱ፦ በ... በጥበብ!

ዲታ፦ የኔንም ታምቡር አማቼ በጥበብ ወግቶልኝ ነበር። ይኸው ሲመታ ቂጣ የሚጠፈጠፍ ይመስላል።

ሸምሱ፦ ከአማችህ ጋር ታወዳድረኛለህ? እኔ ሠላሳ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ! መርፌዬን ውስጥ ድረስ ከትቼ ሳበቃ፣ ሁሉንም «አመመህ ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። እስከዛሬ አመመኝ ያለ አንድ ሰው የለም!

ዲታ፦ ምን ብለው ይመልሱልዎታል?

ሸምሱ፦ ምንም! ጸጥ ነው! አመስግኖ የሄደ እንኳ የለም፤ ብቻ ቅሬታ የሚባል ሰምቼ አላውቅም።

ዲታ፦ [ልጁን ታቅፎ፣ ጆሮዋን በመዳፉ ከልሎ] ይቅርታዎን፣ ኡስታድ... ጥያቄዎን ሰምተውት ነው?