የጋሽ ፈረደ አርባ ሴኮንድ

ሰነፍ ሰው ሥራ አይጀምርም፤ ጎበዝ ጀምሮ ይጨርሳል። ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ወገን አለ። እሱ ከማለዳ እስከ ማታ ይለፋል፣ ላቡ ይንጠፈጠፋል፣ ሥራው እንዲያልቅ ግን አይፈቅድም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። በእኛ ሰፈር የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ምናልባት ሰውዬው እናንተው ናችሁ።

የመተማው ሊቀ ዕቅድ ጓድ ፈረደ ይባሉ ነበር። ዘመኑ የዘመቻና የዕቅድ ዘመን ስለነበረ «ጓድ» የሚላቸው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ሰፈሩ «ጋሽ ፈረደ» ይላቸዋል። ሲነሡ «ትንሽ ይቀረዋል»፣ ሲቀመጡ «ትንሽ ይቀረዋል» ነበር ቃላቸው። ቤታቸው ጣራና ግድግዳ አለው፤ በሩ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ በጥናት ላይ በመሆኑ የጎረቤት አህያ ገብታ ታድርበታለች። ለሠራተኞች ቀን መድረክ እንዲሠሩ ቢታዘዙ ሲያሻሽሉት በዓሉ ደረሰ፤ እንግዶቹ መሬት ላይ ቆመው ንግግር ሲያደርጉ ጋሽ ፈረደ ከኋላ ምስማር ይመቱ ነበር። ሕዝቡም ጭብጨባውን ከመዶሻው መለየት አቅቶት ዋለ።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የምታውቀው አየሁሽ ናት። አየሁሽ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ስትሆን፣ ከጋሽ ፈረደ ጋር የቆየ ቂም አላት። እሳቸው በደህና ጊዜ ታላቅ እኅቷን አገኘሽን ወደው፣ ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት የልባቸውን በደብዳቤ ሊገልጹላት ተነሡ። ደብዳቤውን ሁለት ክረምት አረሙት። በሦስተኛው አገኘሽ ለአንድ የሳንጃ ሰው ተድራ ሄደች፤ ደብዳቤው ግን እስከ ዛሬም ትንሽ ይቀረዋል። የሳንጃው ሰውዬ ደግሞ ጠጪ ወጣ። አየሁሽ ለዚህ ጋሽ ፈረደን ይቅር አላለችም።

በ1975 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ከአዲስ አበባ አንድ ካርቶን መጣ። ጋሽ ፈረደ በወጣትነታቸው ጎንደር ሲኒማ ቤት ማሽን ያዞሩ ነበርና፣ የዚያን ጊዜ ጓደኛቸው አሁን ለቴሌቪዥን የልጆች ድራማ ያዘጋጃል። ድራማው የቆላ ልጆች ታሪክ ነው፤ የአርባ ሴኮንድ መክፈቻ ያስፈልገዋል። መክፈቻው ሕይወት የሌለው ነገር በራሱ ሲሄድ የሚያሳይ እንዲሆን ተፈልጓል። ዕቃውን በጣት ትንሽ ማንቀሳቀስ፣ በካሜራ አንድ ጊዜ ማንሣት፣ እንደገና ማንቀሳቀስ፣ እንደገና ማንሣት ነው፤ ሲታይ ነፍስ የዘራ ይመስላል። በካርቶኑ ውስጥ አሮጌ የእጅ ካሜራ፣ አንድ ጥቅል ፊልምና አጭር ደብዳቤ ነበሩ። ፊልሙ በጥቅምት የመጨረሻ ቅዳሜ ወደ ጎንደር በሚወጣው መኪና ካልተላከ፣ የድራማው ስም በነጭ ፊደል ተጽፎ ይታለፋል ይላል።

ጋሽ ፈረደ ደብዳቤውን ለአየሁሽ ካነበቡላት በኋላ አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። የካሜራውን ቁልፍ የሚጫንላቸው ሰው እንደሚፈልጉ ነገሯት። ከዚያ ዓይኗን ሳያዩ፣ አርባ ስምንት ዓመታቸው እንደሆነና ሠርቼ ጨረስኩ የሚሉት አንድም ነገር እንደሌላቸው ተናገሩ። አየሁሽ እምቢ ለማለት አፏን ከፍታ እሺ አለች።

እንግዲህ ዕቅድ ተጀመረ። በመጀመሪያው ዕቅድ የጭቃ ልጆች ነበሩ፤ የመተማ ፀሐይ ሰነጣጠቃቸው። በሦስተኛው የአገዳ ከብቶች መጡ። በሰባተኛው ዝሆን ገባ፤ በስምንተኛው ዝሆኑ ለአዝመራ አደገኛ ነው ተብሎ ተሰናበተ። አሥራ ሰባተኛው ዕቅድ ላይ ሲደረስ ሦስት ሳምንት አልፏል፤ ነገር ግን እውነቱን ለመናገር አሥራ ሰባተኛው ውብ ነበር። የታጨደ ሰሊጥ ጎህ ሲቀድ ማሳ ላይ ተኝቷል። ነዶዎቹ አንድ በአንድ ይነቃሉ፣ ይንጠራራሉ፣ እየተንገዳገዱ ይሄዳሉ። ከዚያ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተደጋግፈው፣ ሰሊጥ እንዲደርቅ የሚቆምበትን ሂላ ይሠራሉ። ከሂላው መካከል የድራማው ስም ይወጣል።

የሰይዳ ሻይ ቤት ጓዳ ተሰጣቸው። ሰይዳ አባቷ ከሱዳኑ ገላባት የመጣ፣ ቃሏ ጥቂት፣ ሻይዋ ወፍራም የሆነ ሴት ናት። ጠረጴዛ ላይ ከማሳ የመጣ ጥቁር አፈር በተኑ። የፍሬው ሽፋን ገና ካልተከፈተ ሰሊጥ ጫፍ ጫፉን ቆርጠው አርባ ትናንሽ ነዶ በክር አሰሩ። ፊልሙን ሙቀት እንዳያበላሸው ዚር ከሚሉት ትልቅ የውሃ ማሰሮ ሥር አሳደሩት። ብርሃኑ በመስኮቱ በኩል ልክ የሚሆነው ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ሰይዳም ብትሆን ብርጭቆ አታንኳኳም።

ጋሽ ፈረደ ነዶውን የገብስ ቅንጣት ያህል ያንቀሳቅሱታል፤ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ፤ አየሁሽ ትጫናለች። ያንቀሳቅሱታል፤ ትጫናለች። አምስት መቶ ጊዜ እንዲህ ማድረግ አለባቸው። አራተኛው ቀን ላይ አየሁሽን አንድ ነገር ያዛት። ወደ ጓንግ ወንዝ የሚወርዱት ሴቶች ሁሉ በትንሽ በትንሹ እየተነሡ የሚሄዱ መሰላት፤ አንድ እርምጃ፣ ዝም፣ አንድ እርምጃ፣ ዝም። ላሚቷ ጭራዋን ስትወዘውዝ በመካከሉ ማንም የማያየው ጣት ያለ ይመስላታል። ክፍል ውስጥ ልጆቹ እጅ ሲያወጡ እጃቸው ጣራ እስኪደርስ የምትጠብቅ እየሆነች መጣች። በጀርባዋ ተንጋልላ ዓይኗን ስትከድን፣ ከአብርሃ ጅራ እስከ ገለጉ ያለው ሰሊጥ ሁሉ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደሷ ይመጣል። አልፈራችም፤ ደስ ብሏት ትጠብቀው ነበር።

ሥራው በስድስት ቀን ማለቅ ሲችል ሠሪው ጋሽ ፈረደ ነበሩና አሥር ቀን ፈጀ። በዘጠነኛው ቀን የነዶዎቹ ጫፍ ደርቆ መከፈት ጀመረ። አየሁሽ ደነገጠች። ጋሽ ፈረደ ግን አፋቸውን ከፈቱ ብለው ተደሰቱና እንዲዘምሩ ለማድረግ አሥራ ስምንተኛውን ዕቅድ ሊጀምሩ ወረቀት ጠየቁ። ወረቀቱን ደበቀችባቸው። ሐሙስ ዕለት አራት መቶ ሠላሳው ተነሥቶ ሰባ ሲቀር፣ ብርሃኑ ስላለፈ እንዳለ ትተውት ሄዱ።

ቆላ ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ ማንም አልጻፈውም። አፉን የከፈተ ሰሊጥ ባለቤቱ አጠገቡ ከሌለ፣ ያየው ሰው ያራግፈዋል። ፈቃድ አይጠየቅም፤ ነፋስ ፈቃድ አይጠይቅምና። ለአጨዳ ከጎጃም የመጣውና በሰይዳ ግቢ ያረፈው ቸሩ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ውሃ ሊጠጣ ወደ ዚሩ ገባ። ጠረጴዛው ላይ አርባ ነዶ አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል፤ ከሥራቸው ምንም አልተነጠፈም። ጋቢውን አነጠፈ። እያንዳንዱን ነዶ በሁለት ጣት ይዞ ዘቀዘቀ፣ መታ መታ አደረገ፣ በሥርዓት አጋደመ። የተገኘውን አንድ ስኒ ሰሊጥ መካከል ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ዓርብ ጠዋት ሁለቱ ሲመጡ ቸሩ በሩ ላይ ቆሞ ምስጋና ይጠብቅ ነበር።

«አፉን ከፍቶ አገኘሁት» አለ ቸሩ። «የሰው ላብ ሲፈስ እያየሁ እንዴት ውሃየን ጠጥቸ እወጣለሁ? አራግፌላችኋለሁ።»

አየሁሽ ግድግዳውን ተደገፈች። ተዋንያኑ በሙሉ ተራግፈው በጎናቸው ተኝተዋል። አሁን ጋሽ ፈረደ እንደ አዲስ እንጀምር ይላሉ፤ ሌላ ሰሊጥ ይታጨዳል፣ ሌላ ዕቅድ ይወጣል፣ መኪናውም ይሄዳል። እንባዋ መጣ፤ ለፊልሙ ግን አልነበረም። ደረት ኪሳቸው ውስጥ ያለውን የጓደኛቸውን ደብዳቤ፣ ሠርቼ ጨረስኩ የምለው የለኝም ያሉትንም አስባ ነው።

«ጋሼ፣ መኪናው እኮ ነገ ነው የሚወጣ» አለቻቸው።

ጋሽ ፈረደ ስኒውን አንሥተው ረጅም ጊዜ አዩት። አንድ ቅንጣት በጣታቸው አንከባለሉ።

«ገበሬ ካራገፈው ወዲያ ምን ይታቀዳል?» አሉ።

ከዚያ ቸሩን ጠርተው፣ ለቀረው ሰባ እንዲሆን ትናንት ያደረገውን እንደገና እንዲያደርግ ለመኑት፤ በጣም ቀስ ብሎ፣ ቁም ሲሉት እየቆመ፣ በቆመ ቁጥር አየሁሽ እየተጫነች። ሂላውን መልሰው አቆሙ። ማጭድ ሲይዝ የኖረው የቸሩ እጅ ከላይ ገባ፣ ቆመ፤ ነዶ አነሣ፣ ቆመ፤ ዘቀዘቀው፣ ቆመ። ያን እጅ ንዝረት አያውቀውም። ጋሽ ፈረደ ሰሊጡን ፍሬ በፍሬ ከነዶው ሥር እየደረደሩ አፈሰሱት፤ ፍሬው ጥቁሩ አፈር ላይ እየተጠጋጋ ፊደል ሆነ፣ ፊደሉ የድራማው ስም ሆነ። በወረቀት ላይ አንድ መስመር እንኳ አልነበረም። አምስት ሰዓት ሲሆን ብርሃኑ ከመስኮቱ ወጣ። ሰይዳ መጋረጃውን ገልጣ አየችና በአባቷ ቋንቋ «ኸላስ»፣ በቃ፣ ብላ ሻይ አስቀመጠችላቸው።

ቅዳሜ መኪናው ሲነሣ ካርቶኑን ከሾፌሩ ጋር ትንሽ ተናጥቀዋል፤ ጋሽ ፈረደ አንዱን ጫፍ አለቅም ብለው አሥር እርምጃ ያህል አብረው ተጎትተዋል። በመጨረሻ አየሁሽ ናት ጣታቸውን አንድ በአንድ ያላቀቀችው።

መተማ ቴሌቪዥን አልነበረም። ከጓደኛቸውም ደብዳቤ አልመጣም። ዓመቱን ሙሉ ጋሽ ፈረደ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ብቻ መኪና በመጣ ቁጥር ብቅ ይሉ ነበር።

ለሚቀጥለው አጨዳ ቸሩ ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ የገባው ጋሽ ፈረደና አየሁሽ ሻይ ይዘው ወደተቀመጡበት ሰይዳ ሻይ ቤት ነው። ባለፈው ወደ አገሩ ሲመለስ ጎንደር ላይ መኪና አጥቶ ውሎ ኖሯል። አንድ አዳራሽ ውስጥ ልጆች ተሰብስበው ቴሌቪዥን ሲያዩ አብሯቸው ቢቆም፣ የገዛ እጁን አየ። የኔ እጅ ነው ቢል ማን ይመነው፤ ዝም እንዲል ተቆጡት።

ጋሽ ፈረደ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እንዴት ነበረ?» አሉ።

ቸሩ መዋሸት አያውቅም። «እውነቱን ልንገርዎ ጌታው? አጭር ነው» አለ። «ነዶው ተነሣ፣ ሄደ፣ እጄ መጣ፣ ሰሊጡ ፈሰሰ። ሳልጠግበው አለቀ።»

«አለቀ?»

«አለቀ።»

ጋሽ ፈረደ እጃቸውን ደብዳቤው ያለበት ደረት ኪሳቸው ላይ አኖሩ። አየሁሽ እኒህን ሰውዬ አሥራ ሁለት ዓመት ስትረግማቸው ኖራለች፤ ያን ጊዜ ግን እኅቷን ሰጥታቸው ቢሆን ብላ ልቧ እስኪቃጠል ተመኘች። ወንበሯን ወደሳቸው አስጠግታ እጃቸውን ያዘች።

«ቸሩ» አለችው፤ «እስቲ ድገምላቸው።»