ምስክሬ ጌታሁን

በአገራችን ሥራ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ተማርክ?» ተብሎ አይደለም። «ሰው አለህ?» ተብሎ ነው። ልብ በሉ፤ ጠያቂው ስለ እናትህ ወይም ስለ ሚስትህ አልጠየቀም። ከዚያ ከተዘጋው በር ወዲያ ተቀምጦ ስምህ ሲነሳ «እሱንማ አውቀዋለሁ» የሚልልህ ሰው አለህ ወይ ማለቱ ነው። ካለህ ዲግሪህ ጌጥ ነው። ከሌለህም ጌጥ ነው። እኔ ሁለት ጌጥ አለኝ፤ አንዱ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ሁለተኛው ሚስማር ስላልተገኘለት ቁም ሳጥን አናት ላይ ተኝቷል። ሰው ግን አልነበረኝም።

ፈረንጆች ይህንኑ የእኛን «ሰው አለህ?» ኢንተርኔት ላይ ዘርግተውታል። ፎቶግራፍህን ትለጥፋለህ፣ የተማርከውንና የሠራህበትን ትዘረዝራለህ፣ ከዚያ በዕድሜህ ያገኘኸውን የሥራ ሰው ሁሉ እየፈለግህ «እንተዋወቅ» ትለዋለህ። አሥር ዓመት የማውቀውን ሰው እንተዋወቅ ማለት ይጎረብጠኛል። ቢሆንም ገባሁበት። ያስገባችኝ ቤዛ ናት።

ቤዛ የእህቴ ልጅ ናት። መገናኛ ከሚገኙት ሕንፃዎች በአንዱ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ትሠራለች፤ እሁድ ቸርች ትዘምራለች፤ በቀረው ጊዜ እኔን ታርማለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ፎቶ አይሆንም» አለችኝ ገጹን ስትከፍትልኝ።

«ምን ሆነ?»

«የተጣላህ ትመስላለህ።»

«ተጣልቼ ነው የተነሳሁት።»

«ከማን ጋር?»

«ከፎቶ አንሺው ጋር።»

በስልኳ ራሷ አነሳችኝ። «በቃ ፈገግታህ ይኸው ነው?» አለች። የቀረኝ እሱ ነው አልኳት። ከስሜ ሥር «የውሃ ጥናት ባለሙያ፣ ሥራ ፈላጊ» ብላ ጻፈች። ድረ ገጹ ትንሽ አሰበና «እነዚህን ሰዎች ሳያውቋቸው አይቀሩም» ብሎ ፊቶች ደረደረልኝ። የመጀመሪያው ፊት ጌታሁን ነበር።

አውቀዋለሁ እንጂ! እንዴት አላውቀውም?

ጌታሁንና እኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በውሃ ጥናት ክፍል፣ አሥራ አንድ ዓመት ጠረጴዛ ገጥመን ሠርተናል። ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል ያሉትን ምንጮች በእግራችን ነው ያጠናናቸው፤ ባሕር ዛፉ ሥር ጭቃው ጫማችንን እያስቀረ፣ ከአንድ ምሳ ዕቃ እየበላን። ሲያገባ ሚዜው እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ታዲያ አለቃችን ብዙ የውሃ ጉድጓድ እንዲቆፈርበት የፈለገው ቦታ ነበር። አጠናነው። ውሃው ከሁለት በጋ እንደማያልፍ ጻፍን፤ ሁለታችንም ፈረምን። አለቃው «ይህቺን አረፍተ ነገር አስተካክሏት» አለ። እኔ አረፍተ ነገሩ ቢስተካከል ውሃው አይጨምርም አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር እየተናገሩ ደመወዝ መብላት አይቻልም።

በወሩ ግምገማ ተጠራ። በግምገማ ላይ ያልተቀመጠ የመንግሥት ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም፤ ካለም ዕድለኛ ነውና እነግረዋለሁ። አዳራሽ ውስጥ ትሰበሰባላችሁ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ራሱን ይወቅሳል፤ ከዚያ ሌላው ይወቅሰዋል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል። እኔ ራሴን ስወቅስ «አልፎ አልፎ አረፍዳለሁ» አልኩ። ሰብሳቢው «በአቶ ዘውዱ ላይ አስተያየት ያለው?» ሲል ጌታሁን እጁን አወጣ። ሊያግዘኝ መስሎኝ ፈገግ አልኩለት። ከዚያ ቀን ሁሉ ነገር ውስጥ ዛሬም የሚያቃጥለኝ ያ ፈገግታ ነው።

«አቶ ዘውዱ የአመለካከት ችግር አለበት» አለ። «ልማቱን በጥናት ስም ያደናቅፋል።»

እኔ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወርኩ፤ ቧንቧ ጠባቂ አደረጉኝ፤ ከውሃ ዘመድ እንዳልርቅ አስበው ይሆናል። ጌታሁን የክፍሉ ኃላፊ ሆነ። ዓመት ታግሼ ለቀቅኩ። ከዚያ ወዲህ በጠየቅኩበት ሁሉ ቀጣሪው ለቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ይደውላል፤ ያቺ የጌታሁን አረፍተ ነገር እኔን ቀድማ ትደርሳለች። ጉድጓዶቹ በሁለተኛው በጋ ደረቁ። ስለ እነሱ የደወለ የለም።

እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት በግል ኮሌጅ ሒሳብ ሳስተምር ከቆየሁ በኋላ ጉርድ ሾላ ያለ አንድ የውጭ አገር ድርጅት የውሃ ጥናት ባለሙያ ፈለገ። ማስታወቂያውን ቤዛ ድረ ገጹ ላይ አገኘችው። ሥራው ልኬ ነበር፤ ልብስ ሰፊ ለክቶ እንደሰፋልኝ ዓይነት። አንድ ነገር ግን ጎደለ። አመልካቹን በሥራ የሚያውቅ ባልደረባ ገጹ ላይ ምስክርነት እንዲጽፍለት ይጠይቃሉ። ቤዛ ታሪካችንን አታውቅም። ሳትነግረኝ፣ የመጀመሪያው ፊት እሱ ነውና፣ ስለ ሥራው ገልጻ ጌታሁንን ምስክርነት ጠየቀችው።

ከሳምንት በኋላ ሰኞ ዕለት መምህራን ክፍል ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ጌታሁን ጽፏል።

«ዘውዱን አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። ጥናቱ ትክክል ነበር። በስብሰባ ላይ ስለ እሱ የተናገርኩት ውሸት ነው። ስናገረውም ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር። ከእሱ የተሻለ የውሃ ባለሙያ አላየሁም።»

ጠመኔ የነካውን እጄን ኪሴ ከትቼ ቁጭ አልኩ። ይህንን ቃል አሥር ዓመት ሙሉ በልቤ ስጽፍለት ነበር፤ እሱ ግን ከእኔ አሳጥሮ፣ ከእኔ አሳምሮ ጻፈው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለው ተረት ግማሹ ስህተት ኖሯል።

ድረ ገጹ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ምስክርነቱ ለሌላ ሰው የሚታየው የተመሰከረለት ሰው «ይታይ» የሚለውን ሲጫን ብቻ ነው። ሥራው አንድ ጣት ነው። እኔ ግን አልተጫንኩም። አያችሁ፣ በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ በር ያንኳኳሉ፤ ተቀመጡ ሲባሉ «የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» ይላሉ፤ በዳይ ደጅ ቆሞ አንገቱን ይደፋል። ተበዳይ ይቆጣል፣ ይለመናል፣ እንባው ይመጣል፣ ይወጣለታል። እኔ አሥር ዓመት ያስቀመጥኩት ቁጣ ነበረኝ። በማን ላይ ላውጣው? በስልክ ላይ? አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ያዋረደኝ ሰው ቤቱ ተቀምጦ በጣቱ ሊታረቀኝ?

«ሽማግሌ ላክ» ብዬ ጻፍኩለት። አነበበው፤ ማንበቡን ድረ ገጹ ይነግርሃል። መልስ የለም።

ቤዛ ደወለች። «ጋሼ፣ ይታይ የሚለውን ተጫነዋ!»

«መጀመሪያ ይምጣ።»

«ማነው የሚመጣው?»

«የጻፈው ሰው።»

«ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል እኮ! ግባና ከዚያ በኋላ ተጣላው፤ ማን ከለከለህ?»

ልክ ነበረች። ልክ የሆነ ሰው ደግሞ ሲያናድድ!

ጠበቅኩ። ረቡዕ በሩ ተንኳኳ፤ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እንደገና ተንኳኳ፤ ስከፍት ጎረቤቴ ሐጂ ኑሪ ቆመዋል። ለሽማግሌነት የሚያበቃ ነጭ ጢም ስላላቸው ልቤ ዘለለ። መሰላል ሊዋሱ ነው የመጡት። መሰላሉን ይዘው ሲወጡ ሰዓቴን አየሁ። አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል፤ ማመልከቻው ተዘግቷል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከድርጅቱ ትሕትና የሞላበት ደብዳቤ ደረሰኝ። ሌላ ሰው ቀጥረዋል። ጥፋቱን የማን አደረግኩት መሰላችሁ? የጌታሁን ነዋ! እሱ ካልመጣ እኔ እሄዳለሁ አልኩና ቅዳሜ ጠዋት ከመገናኛ የኮተቤ ታክሲ ተሳፈርኩ። ንግግሬን መንገድ ላይ አጠናሁ። በጣም ጥሩ ንግግር ነበር።

በሩን የከፈተችው ሚስቱ የሺ ናት።

«ዘውዱዬ! ሰማህ ማለት ነው?» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ምኑን እንደሰማሁ አላወቅኩም። ተከተልኳት።

ጌታሁን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። አፉ ወደ አንድ ወገን ሸሽቷል። ስትሮክ ከመታው ስምንት ወሩ ነበር። መናገር አይችልም። በግራ እጁ አንድ ጣት ስልክ ላይ ይጽፍና ያሳያል።

«ያቺን ምስክርነት አራት ቀን ነው የጻፋት» አለችኝ የሺ። «ላግዝህ ብለው እምቢ አለ።»

«ሽማግሌ ላክ ስለው ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እኔማ ልደውልልህ ነበር። እሱ ነው የከለከለኝ። አይቶኝ አዝኖ ይቅር እንዳይለኝ አለ።»

ያጠናሁት ንግግር ከየት እንደሚጀምር ጠፋኝ። ጌታሁን ጣቱን እያነሳ እየጣለ ቆየና ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። አንድ ቃል ናት። «ሥራው?»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?

«ገባሁ» አልኩት። «ምስክርነትህን በወረቀት አትሜ በእጄ ወሰድኩላቸው። አንብበው ወዲያው ቀጠሩኝ።»

ግማሽ ፊቱ ሳቀ። የመሳቁ ድካም ራሱ ያሳዝናል። ስመለስ ታክሲ ውስጥ «ይታይ» የሚለውን ተጫንኩት። ለብዙ ጊዜ ከቤዛ በቀር ያየው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮተቤ እሄዳለሁ። ጌታሁን ስለ ሥራዬ ይጠይቀኛል፤ እኔም እነግረዋለሁ። ሁልጊዜ ፍሬን ተበላሸ እያለ የሚያረፍድ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ። ስሜን በትክክል መጥራት ያቃታት የውጭ አገር አለቃ አለችኝ። ቆፍረን ውሃ ያገኘንባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ፤ ሦስተኛው ጠፋብን፤ ሁሉም ከተገኘ አያምነኝም፣ ባለሙያ ነው። የድንጋዩን ዓይነት ይጠይቀኛል። ሳምንቱን ሙሉ አስቤበት እመጣለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በሕይወቴ እንዲህ ተግቼ የሠራሁት ሥራ የለም።

ባለፈው ቅዳሜ የሺ እስከ በር ሸኘችኝና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ዘውዱ፣ ገጽህን አይቼዋለሁ። አሁንም ሥራ ፈላጊ ይላል።»

የምገባበት ጠፋኝ። «እሱስ አየው?»

«አላየም። ኢንተርኔቱን ዘግቼ ኔትወርክ የለም እለዋለሁ። በዚህ አገር ኔትወርክ የለም ሲባል የማያምን ማን አለ?»

«የሺ፣ እኔ እኮ…»

«ተው፣ ምንም አትበለኝ። ግን አንድ ነገር አስቸግሮኛል። ከገባህ እኮ ስድስት ወር አለፈህ። ዘውዱን እስካሁን አላሳደጉትም፣ እዚያም በደል ደረሰበት እያለ ይጽፍልኛል፤ ምግብ አልበላም ብሏል። እባክህ ለሚመጣው ቅዳሜ ዕድገት ይዘህ ና።»

«አለቃዬን አነጋግራለሁ» አልኳት።