«ጓዶች፣ ጉድለቴን ንገሩኝ!» ያልሁ ቀን

ወገኖቼ፣ ይሄን ጉድ እስካሁን ለማንም አውርቼው አላውቅም! ዛሬ ፌስቡክ ላይ የ«ሊደርሺፕ ሥልጠና» ማስታወቂያ ሳይ ብቻዬን ሳቅሁ።

እኔ በደርግ ጊዜ ሠልጥኛለኋ!

ያኔ ባሕር ዳር፣ አንድ ልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ የክፍል ኃላፊ ነበርሁ። ሙያውን አውቀዋለሁ። ድምፄማ ጣና ማዶ ይሰማል።

ግን የምናወጣው ልብስ ግማሹ እየተበላሸ ይመለሳል። ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝና «ወይ ሠልጥነሽ ክፍሉን አስተካክዪ፣ ወይ ቦታውን ልቀቂ» አሉኝ።

እለቅ መስሏችኋል? ሞቼ ነው!

ሥልጠናው ሐይቁ ዳር ባለ አዳራሽ ነው። ተማሪው ሁሉ እንደኔ መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለ ኃላፊ ነው። አሠልጣኙ፣ ጸጥ ያሉ ሽማግሌ፣ የቤት ሥራ ሰጡን፦ «ሠራተኞቻችሁን ምን እንደሚጎድላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ።»

ቀላል ነው አልሁ።

በማግስቱ ጠዋት ወንበር ላይ ወጥቼ ጮኽሁ፦ «ጓዶች! ዛሬ ጉድለቴን በነፃነት ትናገራላችሁ!»

ሁሉም ማሽኑ ላይ አቀረቀረ።

አስቡት፣ በዚያ ዘመን «በነፃነት ተናገሩ» ሲባል ማን ይናገራል?!

አንዱ ልብስ ቆራጭ ላብ በላብ ሆኖ ተነሣ። «ጓድ ሰብለ ምንም ጉድለት የለብዎትም! አብዮቱም የለበትም!»

ጭብጨባው ቀለጠ።

ከምሳ በፊት የድርጅቱ ካድሬ አስጠራኝ። «ያለ ፈቃድ የሂስ ስብሰባ ጠርተሻል አሉ?»

«ኧረ ጓድ፣ የቤት ሥራ ነው!» ብዬ ስምል ስገዘት በስንት መከራ ለቀቀኝ።

ለሥልጠና ጓደኞቼ ስነግራቸው በሳቅ ሞቱ። አሠልጣኙ ግን አልሳቁም። «ወንበር ላይ ወጥተሽ ነው የጠየቅሻቸው» አሉኝ። «እስቲ አጠገባቸው ተቀመጪ።»

አፈርሁ። ሥልጠናውን ጥዬ መቅረት ሁሉ አምሮኝ ነበር። ግን እልኸኛ ነኝ!

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ዛሃራ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥሁ። ከዓሣ አጥማጆች ሰፈር የመጣች ልብስ ሰፊ ናት። ስታየኝ ጉርሻዋ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

«ዛሃራ፣ መርፌ ተጣምሞ ልብሱን ሲያበላሽብሽ ለምንድን ነው ወዲያው የማትነግሪኝ?»

ጉርሻዋን እንደ ምንም ዋጥ አድርጋ «አይቆጡኝም?» አለች።

«አልቆጣም።»

«ወዲያው ብነግርዎ ወዲያው ይጮሁብኛል። በተጣመመ መርፌ ስሰፋ ብውል ደግሞ የሚጮሁብኝ ማታ ነው። እስከ ማታ ያለው ሰላም ለምን ይቅርብኝ?»

አፌን ከፈትሁ። ልጮህ ነበር! መልሼ ገጠምሁት።

ለካ ልብሱን የሚያበላሸው መርፌው ብቻ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ዛሃራ እጇን አነሣች። የተጣመመ መርፌ! ሮጬ ሄድሁ። ክፍሉ በሙሉ ጩኸቴን ይጠብቃል። ከንፈሬን ነከስሁና በስንት ትግል አንድ ቃል አወጣሁ፦

«አመሰግናለሁ።»

ማሽኖቹ በሙሉ ቆሙ። ዛሃራ ደንግጣ ተነሣች፣ ልብስ ቆራጩም ውኃ ይዞልኝ ሮጠ። «ምነው፣ አመመዎት እንዴ?»

በማግስቱም አመሰገንሁ። በሳልስቱም። መደንገጣቸውን እስኪተዉ ድረስ አላቆምሁም። ቀስ በቀስ የሚነሣው እጅ በዛ፣ የሚመለሰው ልብስ አነሰ። ቦታዬንም አልለቀቅሁም!

እስቲ ፍረዱኝ፦ «አመሰግናለሁ» ስትል ውኃ ይዘው የሚሮጡላት ሴትዮ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ምን ዓይነት አለቃ ነበረች?