አባታችን በጭነት መኪና የመጣ ዕለት

ድህነትን ለማጥፋት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ድሃውን ማብላት ነው፤ ይኸኛው ዱቄት ይጠይቃል፣ ወተት ይጠይቃል፣ መኪና ይጠይቃል፣ ከሁሉ በላይ ልብ ይጠይቃል። ሁለተኛው ቁጭ ብሎ «ለመሆኑ ድሃ ማለት ማን ነው?» የሚለውን እንደገና መወሰን ነው፤ ለዚህኛው ወንበርና ብዕር ይበቃል። መንግሥት የትኛውን እንደሚመርጥ እናንተው ታውቁታላችሁ፤ እኔን ለምን ታናግሩኛላችሁ? እኔ «ማሻሻያ» የምትል ቃል በሬዲዮ ስሰማ እጄ ሳላዘው ሄዶ ሳህኔን ይሸፍናል። ምን ላድርግ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ደግሞ ከውጭ ሆኜ የማማ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን እኔ ራሴ የመንግሥት ሰው ነበርሁ፤ ነቀምት አውራጃ ግዛት ጽሕፈት ቤት አስተርጓሚ። አባቴ ከጎጃም መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጃፉን ስሻገር ኦሮምኛ እየተናገርሁ ስላደግሁ፣ የአዲስ አበባ ሹም ሲመጣ ከጎኑ የምቆመው እኔ ነኝ። ሥራው ቀላል ነው አትበሉኝ። የሹም ቁጣ ሲተረጎም ረገብ፣ የሕዝብ ምሬት ሲተረጎም ለስለስ ማለት አለበት፤ ያለዚያ ሁለቱም ወገን የሚመታው መሐል የቆመውን ነው።

እንግዲህ ከማሻሻያው በፊት ነገሩ እንዲህ ነበር። ክረምት ሊገባ ሲል አንድ የጭነት መኪና የዱቄት ወተትና ብርድ ልብስ ጭኖ ይመጣል። ልጅ ያለው ድሃ ቤት ይሰለፋል፣ ይቀበላል፣ መርቆ ይሄዳል። በቃ። ማን ድሃ እንደሆነ ሰፈሩ ያውቀዋል፤ ድህነትም እንደ ሳል ነው፣ ደብቄው ልኑር ቢሉት እሺ አይልም።

ይህን መኪና ከሁሉ አብልጣ የምትጠብቀው አዴ ድንቄ ነበረች። አዴ ድንቄ፣ «አዴ» በኦሮምኛ እናት ማለት ነው፣ ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ጥጥ ፈትላ የምታድር፣ ስትስቅ ከገበያው ማዶ የምትሰማ ሴት። ትንሿ ልጇ ላሊሴ ኩፍኝ ከያዛት ወዲህ ደረቷ አልጠና ብሎ፣ ብርድ በመጣ ቁጥር ትንፋሿ ሲር ሲር ይላል። የክሊኒኩ ድሬሰር «ወተትና ሙቀት ነው፤ ይህን ክረምት በወተትና በሙቀት ካሻገርሻት ታድጋለች፤ ካልሆነ ግን…» ብሏታል። ወተት ከየት ይምጣ? ያለቻት አንዲት ላም ገደል ገብታለች። እንግዲህ ያ መኪና ለአዴ ድንቄ ምን ማለት እንደሆነ ይግባችሁ።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፤ ቀስ ብዬ ነው የምነግራችሁ፣ ምክንያቱም በነቀምት ይህ ጮክ ተብሎ አይወራም። ላሊሴን አዴ ድንቄ አልወለደቻትም። እናትና አባቷ በአንድ ሰሞን በሽታ አልቀው፣ በጉዲፈቻ የወሰደቻት ናት። ጉዲፈቻን «ልጅ ማሳደግ» ብሎ የሚተረጉም አስተርጓሚ ደመወዙ ይቆረጥበት! ሽማግሌ ኦዳው ዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ ሕዝብ ይቆማል፣ ወሳጁ «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነው» ይላል፣ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ። አለቀ። ከዚያ ወዲያ «ያንቺ አይደለችም» ያለ ሰው ከአገር ቢወጣ ይሻለዋል። እንኳን ሌላው፣ እናቲቱ ራሷ ብትለው ቃሏን በልታለችና ማንም እሳት አይሰጣትም። ስለዚህ ነቀምት ገበያ መሐል ቆማችሁ «የሙት ልጅ!» ብላችሁ ብትጣሩ የሚዞር አንገት የለም። እናት ልትሞት ትችላለች እንጂ ልጅ እናት አያጣም።

ይህን አዲስ አበባ ያለው ወንበር አያውቅም። አያውቅምና ማሻሻያ አወጣ፤ «ርዳታው ሕዝቡን አሰነፈ። ከእንግዲህ ወላጅ ያለውን ልጅ ወላጁ ያብላው፤ የመንግሥት ወተት ወላጅ ለሌለው ብቻ ይሁን።» ወላጁ ምን እንደሚያበላው አልተነገረም። ማሻሻያውን የሚያስፈጽም አቶ መርዕድ የሚባል ኢንስፔክተር ከመኪናው ጋር መጣ፤ ከረባቱ የጠበቀ፣ ጫማው ጭቃችንን የተጠየፈ፣ ግን ክፉ ያልሆነ ሰው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ፤ በክፉ ሰው መናደድ ይቀላል።

የገበያ ቀን ስለነበር ሕዝቡ ከጉቴም ከዲጋም ጎርፎ ነበር። አቶ መርዕድ ንግግር የሚያደርግበት ቦታ ሲፈልግ ጥላ ያለው ኦዳው ሥር ነውና፣ ሄዶ እዚያ ቆመ። ሆዴ ያን ጊዜ ነው «ተው!» ያለኝ። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሕዝቡ ዙሪያውን ቆሟል፤ የአውራጃው ምክትል ገዢ ወንበር ላይ ናቸው፤ የፖሊሱ አዛዥ ከኋላቸው ቆሟል። ኢንስፔክተሩ ጉሮሮውን ጠረገና ሹሞች ሁሉ የሚሉትን አለ፤ «ንጉሠ ነገሥቱ የዚህ አገር ልጅ ሁሉ አባት ናቸው! ዛሬ እኔ በስማቸው ቆሜ ይህን እመሰክራለሁ!»

እንግዲህ እኔ ተርጓሚ ነኝ፤ የተባለውን ተረጎምሁ። የተባለውን ብቻ! ኦቦ ገመዳ፣ «ኦቦ» እንደ አቶ ነው፣ የሽማግሌዎቹ ታላቅ፣ ብድግ አሉ። ሌሎቹም ብድግ ብድግ አሉ። እጃቸውን ዘረጉ። መረቁ። ረጅም፣ የሞላ፣ ጥንቅቅ ያለ ምርቃት፤ ሕዝቡም በየመሐሉ ይቀበላል፤ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። አቶ መርዕድ ፊቱ በራ። «ሕዝቡ እንዴት ንጉሡን ይወዳል!» አለኝ በጆሮዬ። ወይ ጉድ! ሰውየው ሳያውቀው ሽማግሌ ፊት፣ ኦዳ ሥር፣ ሕዝብ አስቁሞ፣ የወለጋን ልጅ በሙሉ በጉዲፈቻ ለንጉሡ መስጠቱን ማን ይንገረው? እኔ? እኔማ ደመወዜን እወዳለሁ።

ከዚያ ማሻሻያውን አስነገረ። «ወላጅ የሌላቸውን ልጆች የያዛችሁ ወደፊት ኑ!» ማንም አልመጣም። ደግሞ ጠራ። አንድ አህያ ብቻ መለሰለት። አቶ መርዕድ ግራ ገባው፤ ያን የሚያህል በሽታ ያለፈበት አገር እንዴት አንድ የሙት ልጅ ያጣል? አጠገቡ ቆሞ የነበረ ከጉቴ የመጣ አንድ ወሬኛ፣ ነገሩን ሊያሳምር ብሎ፣ በአገጩ ወደ አዴ ድንቄ አመለከተው። ሰዉ ወሬኛውን ያየበት አስተያየት! ያ ሰው ለገበያ ነቀምት ድርሽ ሲል ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

አዴ ድንቄ ላሊሴን፣ ከመታዘል ዕድሜ ያለፈች ብትሆንም፣ በጀርባዋ እንዳዘለች ተጠራች። ኢንስፔክተሩ በለሰለሰ ድምፅ ነበር የተናገረው፤ እውነቴን ነው፣ ሊረዳት ፈልጎ ነበር። «እመቤት፣ ልጅቱ እንደታመመች አያለሁ። ወተቱ ይኸው፣ ብርድ ልብሱ ይኸው። ያንቺ ልጅ እንዳልሆነች ብቻ ተናገሪና ውሰጂ። ቃል ብቻ ነው።»

መተርጎም አቃተኝ። ወተቱን የሚያውቅ ሁሉ፣ የልጅቱን ትንፋሽ የሚሰማ ሁሉ፣ በልቡ አንዱ «በይው!» አንዱ «እንዳትይ!» እያለ ነበር፤ እኔ ሁለቱንም ነበርሁ። አዴ ድንቄ ግን ትርጉሜን አልጠበቀችም። እጇን ወደ ኋላ ልካ የላሊሴን ጆሮ በመዳፏ ሸፈነች። ከዚያም ዘመኗን ሙሉ ጨው ለመግዛት ካልሆነ አውጥታው በማታውቀው አማርኛዋ፣ ልጅቱ በማትሰማው ቋንቋ፣ እንዲህ አለችው፤

«የወለድሁት፣ ደም አለ። እሷና እኔ፣ ቃል ብቻ አለ። ቃል ከሸጥሁ፣ ምን ቀረ?»

ብላው ዞረችና ሄዳ ቦታዋ ቆመች። ወተቱን ትታ! አቶ መርዕድ አንገቱን ደፋ። እኔ እንባዬ መጣ፤ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ደግሞም ተናድጄ ነበር፣ በእሷም፣ በወተቱም፣ በወንበሩም።

ኦቦ ገመዳ ያን ጊዜ ከዘራቸውን ተክለው ተነሡ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ የሚፈራው ደግሞ ዝግ ሲል ነው። «ጎፍታ» አሉ፣ ጌታዬ ማለታቸው ነው፤ «አንተ ወላጅ የሌለው ልጅ ትፈልጋለህ። እዚህ የለም። ቢኖር እንኳ ዛሬ ጧት አልቋል፤ አንተው ነህ የጨረስኸው። እዚህች ቦታ ቆመህ ንጉሡ የእነዚህ ሁሉ አባት ነው አልህ። እኛም መረቅን። ይህ በእኛ ዘንድ ወሬ አይደለም፤ ጉዲፈቻ ነው።»

ተረጎምሁ። ኢንስፔክተሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ደግ፤ እንግዲያው ሁሉም አባት ካላቸው ደንቡ አይመለከታቸውም፤ ወተቱ ይመለሳል።»

«ደንቡ አይመለከታቸውም» አሉ ኦቦ ገመዳ። «እኛም ስለ ሙት ልጅ ወተት አልለመንንህም። አባት በጉዲፈቻ የወሰደውን ልጅ ያበላል ነው የምንልህ። መኪናው የማን ነው? የአባታቸው። ወተቱስ? የአባታቸው። አይ፣ አባታቸው አይደለም የምትል ከሆነ ግን እዚያው ቆመህ በለው። ቃል ብቻ ነው።»

እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ያቺን የመጨረሻዋን ስተረጉም ድምፄን ረገብ አላደረግሁም፤ እንዲያውም የጽሕፈት ቤቱ ጓሮ ድረስ እንድትሰማ አድርጌ ነው የለቀቅኋት። አሁን የአቶ መርዕድን ፊት ባያችሁት! «ንጉሡ አባታቸው አይደለም» ይበል? ምክትል ገዢው ተቀምጠው፣ የፖሊሱ አዛዥ ቆሞ? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ንጉሥን ከልጁ ማፋታት ደግሞ ከመክሰስ ይብሳል። ወደ ምክትል ገዢው ዞረ። ምክትል ገዢው በድንገት የጫማቸው ማሰሪያ እጅግ አሳሰባቸው። ወደ እኔ ዞረ። እኔ ተርጓሚ ነኝ፤ ያልተባለ አልተረጉም።

መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገና፣ «ስጧቸው» አለ።

«ለየትኞቹ?» አለ መኪናው ላይ ያለው ዘበኛ።

«ለ… ለልጆቻቸው!»

ከዚያ ወዲያ የነበረውን እልልታ፣ ግፊያ፣ ሳቅ ልነግራችሁ አልችልም። ወተት ያልደረሰው ድሃ ልጅ አልነበረም። አዴ ድንቄ ብርድ ልብሱን እዚያው ዘርግታ ላሊሴን ከአገጯ እስከ ጣቷ ጠቀለለቻትና፣ ስትስቅ እንደ ልማዷ ከገበያው ማዶ ተሰማች። ላሊሴም ያን ክረምት ተሻገረች፤ ጉንጯ ሞላ፤ መስከረም ሲጠባ ከሰፈሩ ልጆች ጋር አደይ ስትለቅም በዓይኔ አየኋት። ደስታችንን የምናደርግበት አጣን። መንግሥትን በገዛ አፉ አሰርነው እያልን፣ በየጠላ ቤቱ የኦቦ ገመዳን ንግግር ስንደግመው ከረምን፤ እኔም የተከፈለኝ አስተርጓሚ ስለነበርሁ በደንብ አድርጌ ጨመርሁበት።

ግን ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። አቶ መርዕድ አዲስ አበባ ገብቶ ምን ይበል? «አንድ ሽማግሌ ረታኝ» አይል። ስለዚህ እውነቱን ተናገረ፤ በወለጋ ወላጅ የሌለው ልጅ ፈልጌ አጣሁ አለ። በሚቀጥለው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ገበያው አጠገብ ያለው ጉራጌ ባለሱቅ ሬዲዮኑን ደጃፉ ላይ አውጥቶ፣ ሁላችንም ተሰብስበን ሰማን፤ በተደረገው ማሻሻያ ምክንያት በወለጋ የሕፃናት ችግር ፈጽሞ ተወግዷል፤ ስለዚህም መኪናው ችግሩ ወዳልተወገደበት አገር ይሄዳል። ባለሱቁ እኛን አየ፣ እኛ ባለሱቁን አየን። «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለና ሬዲዮኑን ዘጋው።

በማግስቱ አዴ ድንቄ ቤት ጎራ አልሁ። ጥጧን ትፈትላለች። ላሊሴ ያችኑ ብርድ ልብስ፣ አሁን ጠርዟ የተተለተለውን፣ ለብሳ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ መንገዱን ታያለች። «አዴ፣ አባታችን ዘንድሮ ምነው ቀረ?» ስትል ጠየቀቻት።

«መንገድ ሄዷል» አለቻት አዴ ድንቄ እንዝርቷን ሳታቆም። በእኛ አገር ባሏ ጥሏት የጠፋ ሴት ሁሉ ለልጇ የምትለው ይህንኑ ነው።

ልጅቱ አሰበች። «ወተቱንም ይዞት ነው የሄደው?»

አዴ ድንቄ እንዝርቷን አቆመችና ወደ እኔ ዞረች። «አንተ የመንግሥት ሰው ነህ፤ አንተ መልስላት» አለችኝ።

ያን ጊዜ ሁለት ቋንቋ ነበረኝ። ሁለቱንም ባስስ ምንም አጣሁ።