ሽማግሌ የተላከበት አስተያየት

አዳማ ላይ ለእንግዳ ቦታ ማሳየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እናንተ ትስቃላችሁ፤ እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሠርቼዋለሁ፣ ያውም ያለ ደመወዝ። ፎቶ ኮፒ ቤቴ ያለችው ባጃጅ ተራው ጥግ ላይ ነው። ለስብሰባ የመጣ ሁሉ፣ ደረቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ሁሉ፣ ከባጃጅ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው። «እህቴ፣ ጥሩ ቁርስ የት ይገኛል?» «እዚህ አካባቢ ዘፈን የማይጮህበት ሆቴል አለ?» «እናቴ፣ ጫማ የሚሰፋ ሰው?» ይኼን እናቴ ያለኝን ሰውዬ አልረሳውም። ፂሙ ሸብቷል።

እኔም እመልሳለሁ። ግን የእኛ ከተማ አድራሻ እንዴት እንደሚነገር ታውቁ የለ? ከድሮው ወፍጮ ቤት ወረድ ብሎ። የድሮው ወፍጮ ቤት የታለ? ፈርሷል። ፎቅ ሆኗል። እንግዳው ታዲያ ፎቁ ጋ ስደርስ ልታጠፍ ይላል። አይ፣ ፎቁ ጋ አይደለም፣ ወፍጮው ከነበረበት ወረድ ብሎ ነው እለዋለሁ። እንዲህ እያልኩ ስንቱን ሰው ፀሐይ ላይ እንዳዞርኩ እግዜር ይወቀው።

አንድ ቀን መረረኝ። የመመረቂያ ጽሑፉን ስንት ጊዜ ያተምኩለት የኮምፒውተር ተማሪ ነበር፤ እሱን ያዝኩት። ሰዉ ራሱ የሚያውቀውን ቦታ የሚጽፍበት፣ ሌላው ገብቶ የሚያነብበት ድረ ገጽ ሥራልኝ አልኩት። ሠራልኝ። ስሙንም «የት ይሻላል» አልነው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የበላኸውን ጻፍ፤ ያየኸውን ጻፍ፤ ስድብ የለም፤ አንዴ የተጻፈ እውነት አይሰረዝም። የመጨረሻዋን ስጽፍ ለአፍታ እንኳን አላመነታሁም።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ምን ተጻፈ መሰላችሁ? ምርቃት! «በርቱ፣ ጎበዞች ናችሁ።» «እግዚአብሔር ሥራችሁን ይባርክ።» «ማሻአላህ።» ምኑ ነው ማሻአላህ? ሥጋው? መስተንግዶው? አይታወቅም። ከምርቃቱ የተረፈው ደግሞ የዘመድ ነው። ምርጥ ሥጋ ቤት የአጎቴ፣ ምርጥ ፀጉር ቤት የሚስቴ። አንዱ ጭራሽ ለስንዴ ሁሩታ ድረስ ሂዱ ብሎ ጻፈ። ስንዴው የማን ነው? የአባቱ። አሁን የአዳማ ሰው ለአንድ ኩንታል ስንዴ ብሎ አርሲ ይውጣ? (ሄጄ ገዛሁ። ጥሩ ስንዴ ነው። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ደህና ነገር የሚጽፍ ሲገኝ ደግሞ ሌላ ጣጣ። አንድ ሰው ባቱ ሐይቁ ዳር ስላለች ዓሣ ቤት ጻፈ። ዓሣው ከጀልባ በቀጥታ ወደ መጥበሻ ነው፣ ዳጣው ያስለቅሳል አለ። በሳምንቱ ከባቱ ስልክ ተደወለልኝ። የቤቷ የቆየ ደንበኛ ነኝ አለኝና ያንን ሙገሳ አጥፉልን ብሎ ለመነኝ። ለምን? ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናንተ ከተማ በመኪና እየመጡ መቀመጫ አሳጡን፣ ትናንት ቆሜ በላሁ አለኝ። አልሰርዝም፣ ወንበር ይጨመር አልኩት። ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። እኛ ክፉውን በይሉኝታ እንደብቃለን፣ ደጉን ደግሞ በስስት። ታዲያ እንግዳው ምን ይብላ?

እሺ፣ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ።

የሱቄ አከራይ ጋሽ በየነ ይባላሉ። ግቢው የሳቸው ነው፤ ፊት ለፊቱን ለእኔ አከራይተው ከኋላ ቁርስ ቤት ከፍተዋል። ክፉ ሰው አይደሉም። የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ለቅሶ ሲሰማ ድንኳኑን ይዘው የሚቀድሙ ሰው። ዱለታቸውም አይታማም። ግን የግቢው ሽንት ቤት በር መቀርቀሪያ የለውም። ነበረው፤ ተነቀለ፤ በዚያው ቀረ። ሲነቀል ልጄ አምስተኛ ክፍል ነበረች፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ግን ማን ይናገር? የዕድር ሰብሳቢን በመቀርቀሪያ አስቀይሞ ኋላ ማን ሊቀብረው? ስለዚህ ሁሉም አንድ እግሩን በሩ ላይ ደግኖ ነው የሚቀመጠው። እግሩ የማይደርስለት ይዘፍናል። ውጭ ያለው ዘፈን ከሰማ ተራውን ይጠብቃል። ለምደነው ነበር።

የመንገድ ሰው ግን ይሉኝታ የለውም። ከሞጆ ደረቅ ወደብ እየጫነ የሚመላለስ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አለ። እዚህ ዕድር የለው፣ ልጅ የሚድርበት ጎረቤት የለው፤ በልቶ ይሄዳል። እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ዱለት አንደኛ። ፉል ቢሞቅ ይመረጣል። ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው፤ መቀርቀሪያ ስለሌለው ግን አንድ ዘፈን አዘጋጅታችሁ ግቡ። ረዘም ያለ ቢሆን ይሻላል።»

እውነቴን ነው፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። በሁለት ቀን ውስጥ ያላነበበው የለም። ቁርስ ሊበላ የሚገባው ሁሉ አስተናጋጇን ዛሬ ምን ዘፈን አለ ይላት ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ በየነ ሱቄ መጡ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አሉኝ ቀስ ብለው። ቀጥለውም አስተያየቱ እስከ እሁድ ካልጠፋ ሱቁን በወሩ መጨረሻ እንደሚፈልጉት ነገሩኝ። ለልጃቸው ሞባይል መሸጫ ሊያደርጉት ነው። ልጃቸው ጅማ የእርሻ ባለሙያ ነው።

ፈራሁ። ምን ይዋሻል? ሁለት ልጆች ያሳደግሁት በዚያች ሱቅ ነው። ባጃጅ ተራው ላይ ሌላ ሱቅ አይገኝም። ውስጥ ለውስጥ ገብቼ ብከፍት ደግሞ ማን ያገኘኛል? ከድሮው ወፍጮ ቤት ወረድ ብላ ናት ልባል ነው? ጣቴ ማጥፊያዋ ላይ ሁለት ጊዜ ደርሳ ተመልሳለች። ግን እስኪ አስቡት። ዛሬ ይኼን ባጠፋ ነገ የሥጋ ቤቱ ባለቤት ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ የፀጉር ቤቷ። መጨረሻ ላይ የሚተርፈኝ ማሻአላህ ብቻ ነው። ደግሞስ መቀርቀሪያው የለማ! ውሸት ቢሆን እኔው ራሴ አጠፋው ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ከወረቀት ጋር የኖርኩ ሴት ነኝ። አላጠፋም አልኩ።

እሁድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ሱቄ በር ላይ ቆሙ።

ሽማግሌ ለጋብቻ ይላካል። ለተጣሉ ባልና ሚስት ይላካል። ደም ለተቃቡ ይላካል። ኢንተርኔት ላይ ለተጻፈ አራት መስመር ሲላክ ግን የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም። አንደኛው ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሰኢድ ናቸው። ሁለተኛው እህል ነጋዴው ኦቦ ቱፋ፤ «አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ»፣ እንዴት አደርሽ ልጄ ብለው እንደ አባት ግንባሬን ሳሙኝ። መሪያቸው ደግሞ ጋሽ ላቀው፣ ጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው። በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ የሚለብሱ ሰው ናቸው። እሳቸው ሲያልፉ የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ።

ወንበር አቀረብኩ። እሺ ካላልሽን አንቀመጥም አሉ። ወጉ ነው፤ ታውቁታላችሁ። ቆሞ ማስጨነቅ! ሰው ሽማግሌ ቆሞበት ስንት ደቂቃ ይችላል? «አባቶቼ፣ እግራችሁን እንዳያማችሁ እሰጋለሁ፤ አስተያየቱን ግን አልሰርዝም» ብዬ ወደ ማሽኔ ዞርኩና የአንድ ደንበኛ መታወቂያ ኮፒ አደረግሁ። መታወቂያው ተንጋዶ ወጣ።

ሐጂ ሰኢድ ዝም አይነቅዝም አሉኝ። ዝም አይነቅዝም፣ ግን ፉሉንም አያሞቀውም አልኳቸው። ኦቦ ቱፋ ሳቃቸውን በሳል አስመስለው አሳለፉት። ጋሽ ላቀው ግን ከረር አሉ። መቀርቀሪያ ማለት ምንድነው አሉ። ጨዋ ሰው የተዘጋ በር ሳያንኳኳ አይገፋም፤ መቀርቀሪያ የሚያስፈልገው ባለጌ በበዛበት አገር ነው፤ አንቺ ይኼን ስታስጽፊ የከተማውን ሕዝብ ነው ያሰደብሽው አሉኝ። ንግግር ነው! ወረፋ የያዙት ደንበኞቼ ሳይቀሩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔም ነፋሱስ አልኳቸው። የአዳማ ነፋስ ጨዋ ነው እንዴ? እዚህ ሱቅ ውስጥ በየወረቀቱ ላይ ድንጋይ የጫንኩት ለምን ይመስልዎታል? ጋሽ ላቀው በሽምግልና መሐል የነፋስ ነገር አይነሳም ብለው ዘጉኝ።

አንድ ሰዓት ቆሙ። እኔም አልተበገርኩም፣ እነሱም። ሻይ አስመጣሁ፤ ቆመው ጠጡ። ሙቀቱ ሲበረታ ውሃ አስመጣሁ፤ ቆመው ጠጡ። ደገምኳቸው። እንግዲህ የገባ ውሃ መውጫ ይፈልጋል። ጋሽ ላቀው ከረባታቸውን አስተካክለው መጣሁ አሉና ወደ ኋላ ሄዱ። ግቢው ውስጥ ያለው ሽንት ቤት ያው አንዱ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በዓይኔ አላየሁም። የነገረችኝ አስተናጋጇ ናት፤ ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ ሳቅ አቋርጧታል። ጋሽ ላቀው እንደ ሌላው ሰው እግራቸውን በሩ ላይ አልደገኑም። ክብራቸውስ? አልዘፈኑምም። ሽማግሌ ሽንት ቤት ገብቶ ይዘፍናል? በሩን ገጠም አድርገው ገቡ። እሁድ ስለሆነ ቁርስ ቤቱ በስብሰባ እንግዶች ጢም ብሏል። በሩ ደግሞ ፊቱን የሰጠው ለጠረጴዛዎቹ ነው። ነፋሱ መጣ። በሩ ወለል አለ።

ሰው ሁሉ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። ጨዋ ሕዝብ ነው፤ በዚህ በኩል ጋሽ ላቀው አልተሳሳቱም። ችግሩ አንድ ሰው ነበር። ድሮ በመሥሪያ ቤት በሳቸው ሥር ይሠራ የነበረ ሰው እዚያ ተቀምጦ ይበላል። ጋሽ ላቀው ደንግጠው አንገታቸውን ሲያዞሩ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ስንት ዓመት አለቃው በገባ ቁጥር ሲነሣ የኖረ ሰው ምን ያድርግ? ጉርሻውን እንደያዘ ብድግ አለና «ኖር!» አለ። እሱ ሲነሣ ጠረጴዛው ተነሣ። አንዱ ጠረጴዛ ሲነሣ ሌላው ተነሣ። ቤቱ በሙሉ ቆመ። ጋሽ ላቀውም የለመደ አፍ ቀደማቸው። «በእግዜር! ተቀመጡ» አሉ።

ሱቄ ሲመለሱ ከረባታቸው ወደ ጎን ዞሯል። ማንንም ሳያዩ ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡ። እኔ እሺ ሳልል! ሐጂ ሰኢድና ኦቦ ቱፋ ተያዩ። ምነው፣ ምን ሆኑ አሏቸው። ጋሽ ላቀው «አይሰረዝም» አሉ።

«እንዴት አይሰረዝም?» አሉ ሐጂ ሰኢድ።

«አይሰረዝም አልኩ። እንዲያውም፣ ልጄ፣ ከሥሩ ጨምሪበት። ነፋስ እንዳለ ጨምሪበት።»

ኦቦ ቱፋ ያንን ከረባት አይተው ነገሩ ገባቸው መሰለኝ፣ «ሂን ሃቀሙ፣ አይሰረዝም» ብለው እሳቸውም ተቀመጡ። ሐጂ ሰኢድ ብቻቸውን ቆመው ምን ይሠራሉ? ተቀመጡ።

አረፍ ካሉ በኋላ ሦስቱም ተነሥተው ወደ ጋሽ በየነ ሄዱ። የተላኩት ሽማግሌዎች ዞረው በላኪው ላይ ቆሙ። መቀርቀሪያ ግጠም፤ ሴትዮዋንም ከሱቋ አታንቀሳቅሳት፤ እሺ ካላልክ አንቀመጥም አሏቸው። እኔ አንድ ሰዓት የቻልኩትን ጋሽ በየነ አሥር ደቂቃ አልቻሉትም። ይኼን የምነግራችሁ ለመኩራራት ነው።

እዚህ ላይ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ ብጨርስላችሁ ደስ ባለኝ። በሳምንቱ ጋሽ በየነ ፊታቸው ፈክቶ መጡ። ተገጥሟል፣ በይ አሁን ሰርዢው አሉኝ። አልሰርዝም፤ አይቼ ግን ከሥሩ እጽፋለሁ፤ ደንቡ ነው አልኳቸው። አብረን ወደ ኋላ ሄድን። እውነትም ተገጥሟል። አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ መቀርቀሪያ፣ ያውም ከነጓጉንቸሩ። ቁልፉ እንዳይጠፋ ክንድ ከሚያህል እንጨት ጋር ታስሮ ገንዘብ ተቀባይዋ ዘንድ ተቀምጧል። ጋሽ በየነ በኩራት መታ መታ አደረጉት። «ያልበላ ሁሉ እየገባ አስቸግሮን ነበር» አሉኝ።

ሱቄ ተመልሼ ከሾፌሩ አስተያየት ሥር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «መቀርቀሪያ ተገጥሟል። በውጭ በኩል ነው። ዘፈኑን አትርሱ።»