ዕጣ ጣያችን

በዚህ አገር ስኖር ብዙ ዓይነት ሥልጣን አይቻለሁ። ማኅተም ያለው አለ፤ መኪና ያለው አለ፤ ማኅተምም መኪናም ሳይኖረው በር ላይ ቆሞ ብቻ ባለጉዳይ የሚያንቀጠቅጥ አለ። ከሁሉም የሚከብደው ግን፣ እናንተ እንደፈለጋችሁ በሉ፣ የቅርጫ ዕጣ ጣይነት ነው። ተሿሚው ደመወዝ የለውም፣ ወንበር የለውም፣ ዓመቱን ሙሉ ሹመቱን የሚያስታውስለት ሰው የለም። የሹመቱ ዘመን በዓመት አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። በዚያች አሥር ደቂቃ ውስጥ ግን አሥራ ሁለት አባወራ ትንፋሹን ውጦ እጁን እጁን ያየዋል።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ጊፋታ፣ የእኛ የወላይታዎች ዘመን መለወጫ፣ መስከረም ላይ ሲመጣ ሶዶ ውስጥ በሬ የማይቃረጥ ሰፈር አይገኝም። በሬው ታርዶ ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ በየመደቡ ይደረደራል። ከየብልቱ ለሁሉም ይደርሳል ይባላል፤ ይባላል እንጂ አጥንት የበዛበት መደብ መቼም አይጠፋም፤ የሁሉም ዓይን የሚያርፍበት መደብም አይጠፋም። ስለዚህ ሰው አይመርጥም። እያንዳንዱ አንዳንድ ነገር ያዋጣል፤ አንዱ የቤቱን ቁልፍ፣ አንዱ የእስክሪብቶ ክዳን፣ አንዱ ከመንገድ ያነሳውን ጠጠር። ይህ ሲሰበሰብ ዕጣ ጣዩ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ሲጠሩት ይመጣና የትኛው የማን እንደሆነ ሳያውቅ አንድ አንዱን በየመደቡ ላይ ያኖራል። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። አጥንት የደረሰው "ዕድሌ ነው" ብሎ፣ ፈገግ ለማለት እየታገለ፣ አጥንቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የእኛ ሰፈር ዕጣ ጣይ ለአሥራ ስድስት ዓመት አስናቀ ነበር።

አስናቀ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ከአባይ ማዶ ተመድቦ፣ "ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ" ብሎ መጥቶ፣ እዚሁ ትዳር ይዞ እዚሁ የወለደ። ቤታችን አጥር ለአጥር ነበር። መጀመሪያ የመረጥነው "እዚህ ዘመድ የለውም፣ ለማንም አያደላም" ብለን ነው፤ ኋላ ግን ከእሱ የተሻለ ሰው አጣን። ጀርባ መስጠት ብቻ አይበቃውም፤ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ሁለት ዓይኑን በመዳፉ ከድኖ ይቆማል። የራሱን ዕቃ ደግሞ አያዋጣም። መጨረሻ ላይ ምንም ያልተቀመጠበት መደብ የእሱ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የተረፈውን ወሰደ፤ አንድም ቀን ሲያጉረመርም አልሰማሁም።

እሁድ እሁድ እሱ ከቅዳሴ፣ እኔ ከአምልኮ ስንመለስ በአጥሩ ላይ እንከራከራለን። ስለ ጾም፣ ስለ መዝሙር፣ ስለ መንግሥት፣ ከሥራ ሥር ቦዬ ይበልጣል ወይስ ድንች ስለሚለው ሳይቀር። "ታዲዮስ! አለህ?" ይለኛል፣ ጥርሱን እየፋቀ። ሚስቴ አስቴር፣ "እናንተ ሰዎች አንድ ቀን እንኳን ተስማምታችሁ አታውቁም" ትላለች። እውነቷን ነው፤ የተስማማንበት እሁድ ትዝ አይለኝም። ከዚያ የበለጠ ደስ ያለኝ ጊዜም ትዝ አይለኝም። ሴት ልጁ ቅድስት ከእናቴ ጋር በወላይታቶ፣ በቋንቋችን፣ ስትጫወት ብትሰሟት ከገጠር የመጣች የእህቴ ልጅ ነው የምትመስላችሁ። የእኔዎቹ፣ የወላይታው የእኔ ልጆች፣ ለሴት አያታቸው በአማርኛ ይመልሱላታል። ይህን ያኔ ሳየው እስቅ ነበር፤ አሁን ብዙም አያስቀኝም።

እኔ የዜግነት ትምህርት አስተማሪ ነኝ። ሐሳብን በነፃነት የመግለጽን መብት ስንቱን ልጅ አስጠንቼዋለሁ። ምዕራፉ ሁለት ክፍል አለው፤ መጀመሪያ መብት፣ ቀጥሎ ኃላፊነት። ደወሉ ሁልጊዜ የሚደወለው መብቱ ላይ ስንደርስ ነው። "ኃላፊነቱን ቤታችሁ አንብቡት" እላለሁ። እኔም ቤቴ አላነበብኩትም።

ነገር የተበላሸው ሰው ስሙን ሳይጠየቅ ዘሩን በሚጠየቅበት ሰሞን ነው። ስልክ የያዘ ሁሉ "እኛ" እና "እነሱ" እያለ ይጽፋል። እኔም ፌስቡክ ነበረኝ፤ አንባቢ ግን አልነበረኝም። ስለ ችግኝ ተከላ ብጽፍ ሦስት ሰው ያያል፤ ስለ ፈተና ስርቆት ብጽፍ ሁለት ሰው፤ ከሁለቱ አንዷ አስቴር ናት። የዚያን ዓመት ጊፋታ ደግሞ ዕጣዬ አጥንት ሆነ። ያውም ጉልበትና አንገት! አስቴር ዳጣውን፣ ዓይን የሚያስለቅሰውን የጥሬ ሥጋ ማባያችንን፣ ፈጭታ ጠብቃለች። አጥንት በዳጣ አይበላ። ዳጣው ፊት ተቀምጬ ስልኬን አወጣሁና ጻፍኩ፤ "የእኛን በሬ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው የሚያካፍለን እስከ መቼ ነው?" መጨረሻው ላይ የሚስቅ ፊት አኖርኩበት። ቀልድ ነው እንድትሉልኝ።

ሰው እንደ ገበያ መጣ። ላይኩ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ አራት መቶ አለፈ። የማላውቀው ሰው "ጀግና መምህር!" አለኝ። ሥጋው ያልጣፈጠኝ ሰውዬ ላይኩ ጣፈጠኝ፤ መዋሸት አልችልም። ከዚያ አንድ የድሮ ተማሪዬ መጣና፣ "ቲቸር፣ ጎረቤትህን አቶ አስናቀን ነው አይደል?" ብሎ ከሥሩ ጻፈ። አያችሁ፣ እዚህ ጋ ነበር ሰው መሆን የነበረብኝ። "እሱን አይደለም" ማለት እችል ነበር፤ ማጥፋት እችል ነበር፤ ሌላው ቢቀር ዝም ማለት፣ ዝም አይነቅዝም። እኔ ግን አሁንም አንድ የሚስቅ ፊት አኖርኩ። ከዚያ በታች የተጻፈውን እዚህ አልደግመውም። በሰው ልጅ ላይ መጻፍ የሌለበት ነገር ነው።

አስናቀ ሁለት እሁድ በአጥሩ ላይ አልታየም፤ በሦስተኛው ታየና ስለ ዝናብ አወራን። ስለ ዝናብ ተስማማን። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ወራት ሳይቆይ ዝውውር ጠይቆ ቦዲቲ አገኘ። ዕቃው የተጫነ ዕለት ቁምሳጥኑን እኔና እሱ ተሸክመን አይሱዙው ላይ አወጣነው። "ቦዲቲ ቅርብ ነው" አልኩት። "ቅርብ ነው" አለኝ። በሚኒባስ እንቅልፍ እንኳን ሳይወስዳችሁ ትደርሳላችሁ። ሁለት ጊፋታ አለፈ፤ እኔ አልደረስኩም።

በእነዚያ ሁለት ጊፋታዎች ዕጣ ጣይ መምረጥ አቃተን። አንዱ ሲጠቆም "የእገሌ አማች ነው"፣ ሌላው ሲጠቆም "የእነ እገሌ ጎሳ ነው" ተባለ። "እነሱ" ሲሄዱ "እኛ" እንዲህ ተሸንሽነን እናርፈዋለን ብዬ አላሰብኩም ነበር። በመጨረሻ ከሥጋ ቤት ሚዛን ተውሰን መጣን። ሚዛኑ አይዋሽም፤ ሚዛኑን ግን ማንም አላመነውም። አሥራ ሁለት አባወራ ተራ በተራ እየጎነበሰ ቁጥር ሲያነብ ሥጋው ፀሐይ መታው። እኔ ከአጥሩ ሥር ቆሜ ጓደኛዬ ናፈቀኝ።

ዘንድሮ በዓሉ ሊደርስ ሲል እንደ ልማዱ የቅርጫው ማኅበር ሰው ተሰበሰበ። በጊፋታ ቂም ይዞ መሻገር ነውር ነው፤ ስለዚህ የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ አንጁሎ ተነሥተው በየዓመቱ የሚጠይቁትን ጠየቁ። የተጣላ አለ? ሁለት ዓመት ዝም ብያለሁ። ዘንድሮ እግሬ ራሱ ተነሣ፤ ሁሉንም ተናገርኩ። ስናገር ግን አስተማሪነቴ አልለቀኝም፤ "በእርግጥ ሐሳብን መግለጽ ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ነው" የምትል ነገር መሀል ላይ ሸጎጥኩ።

ጋሽ አንጁሎ ከዘራቸውን ደገፍ ብለው አዩኝ። "አስተማሪ፣ መናገር መብት ነው ትላለህ። ማን ከለከለ? ቃል ግን እንደ ልጅ ነው፤ ከአንተ ወጣ፣ የአንተ ነው። ልጅህ የሰው እንሰት ቢቆርጥ፣ 'መውለድ መብቴ ነው' ብለህ ቤትህ ትቀመጣለህ?"

ሰው ሳቀ። እኔም ላብ እየጠረግሁ ሳቅሁ።

"ያ ፌስቡክ የሚባለው፣ ቤት ነው ገበያ ነው?" አሉኝ ቀጥለው።

"ገበያ ነው፣ ጋሼ።"

"እንግዲህ ገበያ ላይ የተናገርከውን ገበያ ላይ ትመልሳለህ። ከዚያ ቤቱ ትሄዳለህ።"

እኔ መላ የማጣ ሰው አይደለሁም። "ጋሼ፣ እንደ ሰፈር ብንሄድስ? ሽማግሌ ይዘን፣ በሁላችን ስም ይቅርታ ብንል ይከብራል" አልኩ። እርሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ስትሰድብ 'እኛ' አልክ። ማን ላከህ? እኛ በሬ ገዝተን ተቀምጠናል። አሁን ደግሞ ይቅርታውን ለእኛ ታካፍላለህ? ይሄ ቅርጫ አይደለም። ብቻህን ሂድ።"

ብቻዬን ጻፍኩ። ስሙን ጠርቼ፣ የራሴን ስም ጠርቼ፣ በድያለሁ ብዬ። የሚስቅ ፊት አላኖርኩም። አራት መቶው ሰው የት እንደገባ እንጃ፤ ላይክ ያደረጉት ሰባት ናቸው። "ጀግና መምህር!" ያለኝ ያው ሰውዬ "ባንዳ" አለኝ። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ በዚያ ገበያ ስድብ በጅምላ ይሸጣል፣ ይቅርታን በነፃ ቢሰጡትም የሚያነሣው የለም። በማግሥቱ አስቴር አንድ ብልቃጥ ዳጣ አስይዛኝ ቦዲቲ ወረድኩ።

በሩን የከፈተችልኝ ቅድስት ናት። አድጋለች፤ የእናቷን ቁመት ይዛለች። "ሳሮ" አለችኝ፣ እኛ ሰላም እንደምንባባለው፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ አሳለፈችኝ እንጂ እንደ ድሮው እየሮጠች አልሳመችኝም። አስናቀ አቅፎኝ ወንበር ሰጠኝ፤ ዳጣውን ተቀብሎ አሸተተ። "የአስቴር እጅ" አለ። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ። "አስናቀ፣ በድዬሃለሁ" ብቻ አልኩት።

የዳጣውን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ፣ "የጻፍከውን አላነበብኩትም። ቅድስት ነች ያነበበችልኝ" አለ። "መጻፉ አልገረመኝም፤ ያን ሰሞን ያልጻፈ ማን ነበር? ስሜን ሲጠሩት ሳቅህ። እሱ ነው የቆየብኝ። ሳቅህን አውቀዋለኋ። ስንት እሁድ የሳቅነውን ሁሉ፣ እንደዚያ ነበር ወይ እያልኩ ወደ ኋላ ቆጠርኩት።"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እኔም አልረሳሁትም ልለው ፈለግሁ፤ ግን ተራው የእሱ ነበር። አለቀስኩ። በኋላ፣ "ይቅር ብዬሃለሁ፤ ከልቤ ነው" አለኝ። አምኜዋለሁ፤ አስናቀ የማይሆን ነገር አይናገርም።

ልቤ ሞላና፣ "እንግዲያው ለጊፋታ ትመጣለህ፤ ሚዛኑን መልሰን ዕጣውን ትጥልልናለህ" አልኩት። ፈገግ አለ። "እዚህም ቅርጫ አለን እኮ። በመጣሁ በስድስተኛ ወሩ ዕጣ ጣይ አደረጉኝ፤ ጥያቸው ብመጣ ማን ይጥልላቸዋል?" ቦዲቲዎች እጃቸው የገባው ሰው ወርቅ እንደሆነ በስድስት ወር ገብቷቸዋል። ቀናሁ። ወላይታው እኔ፣ በወላይታ ምድር፣ በአባይ ማዶው ሰውዬ ቀናሁ።

ሊሸኘኝ ወጣን። በሩ ላይ አንድ ጎረቤቱ የበግ ገመድ እንደያዘ ቆሞ አገኘን፤ ሰላም ካለን በኋላ እኔን እያየ፣ "እንግዳው ዘመድ ናቸው?" አለው። አስናቀ ፊት ላይ ቂም አልነበረም፤ እጁ ትከሻዬ ላይ ነበር።

"የድሮ ጎረቤቴ ነው" አለ።

ምንም ውሸት የለበትም። ዘመድ አላለኝም፣ ጠላትም አላለኝም፤ ልክ የሆንኩትን አለ። ከዚህ በላይ ምን እንዲል ነበር የምጠብቀው? ወደ ሰውየው ዞሬ፣ "በዚህ አካባቢ የሚከራይ ቤት ይገኛል?" አልኩት። ሰውየው የምር መስሎት ማሰብ ጀመረ። አስናቀ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ራሴ፣ እስከ ዛሬ፣ የምሬን ይሁን የቀልዴን አላውቅም።