ምክር በድብቅ የሚሰማው አያ ሰይድ

በሰው ፊት ምክር ንቆ በጓሮ የሚፈጽም ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የከሚሴው ጎረቤቴ አያ ሰይድ እንዲያ ነው። የግብርና ባለሙያዋ ለዘር የምንተክለውን ሽንኩርት መጀመሪያ ቀዩ የሻጋታ መድኃኒት ውስጥ እንድንነክር ስትመክረን፣ «ደግሞ ሽንኩርትም መታከም ጀመረ?» ብሎ ሰዉን አሳቀ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። የመስኖው ውኃ ከእሱ ማሳ ወደ እኔ ነው የሚወርደው፤ የእሱ ከበሰበሰ እኔ ነክሬ ብተክልስ ምን ሊረባኝ?

ሳምንቱን በጭንቀት ከረምኩ። ሰንበቴ ገበያ ሳገኘው ለሰላምታ ክንዱን ሰጠኝ። ጣቶቹ በመድኃኒቱ ቀልተዋል።

«አያ ሰይድ፣ እጅህን ምን ነካው?»

«ሂና ነው» አለኝ፣ ፊቱን ሊሸጥ ወዳመጣቸው ፍየሎች አዙሮ።

ሂና!

«አልሐምዱሊላህ፣ ያምርብሃል!» አልኩት ከልቤ። እንደዚያ ቀን ቀሎኝ ቤቴ ገብቼ አላውቅም።